የልጅ አልጋ በፍላቂት ሌሊት

ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መንገደኛ የመቄትን አምባ ሲያቋርጥ ፍላቂትን ያገኛታል። ፍላቂት የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን የተቀመጠችውም በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወልድያ እስከ ወረታ በሠሩት መንገድ ላይ ነው። በቀን ያያት ሰው ከሌሎቹ የደጋ ከተሞች የምትለይበትን ነገር ላያገኝ ይችላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች፥ ባሕር ዛፍ፥ ከገጠር እህልና በግ ይዞ የመጣ ገበያተኛ፥ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፤ ይኸው ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአምባው ነፋስ በበሩ ሥርና በቆርቆሮው ክፍተት ይገባል፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይከተታል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚሰማው ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና፥ የውሻ ጩኸት፥ አልፎ አልፎም የጅብ ድምፅ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወራው ስለዚህ ሌሊት ነው፤ ይኸውም በዚህ ብርድና ጨለማ ውስጥ አንድ ሕፃን ልጅ በገዛ አልጋው ተኝቶ እስኪነጋ ለመቆየት ይችላል ወይስ አይችልም? የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው ልጅ ለሌለው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩን ያነሣብኝ አንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ በከተማይቱ ተመድቦ የሚሠራ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ከባለቤቱና ከአራት ዓመት ልጁ ጋራ በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ይኖራል። አንድ ወር ደመወዙን እንደ ተቀበለ ወደ አናጢ ዘንድ ሄዶ በባሕር ዛፍ እንጨት ትንሽ አልጋ አሠራ፤ የስፖንጅ ፍራሽና አንድ ብርድ ልብስ ጨመረበት። ልጁም በአልጋው እጅግ ደስ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲወጣበትና ሲወርድበት ዋለ፤ ማታም በ2 ሰዓት ተኛበት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ግን ወዳጄ ቀዝቃዛ እግር ጎኑን ሲነካው ነቃ። ልጁ በአባትና በእናቱ መካከል ተጋድሞ ነበር። መልሶ ቢያስተኛው በ8 ሰዓት ተመለሰ። በማግሥቱም እንደዚሁ ሆነ። በሳምንቱ አባት እየተቆጣ፥ እናት እየራራች፥ ልጅም እያለቀሰ ሦስቱም ዐይናቸው ቀልቶ ያነጉ ጀመር። ወዳጄ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያንቀላፋ ያየሁትም በዚያው ሰሞን ነው።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ነገሩን ባመዛዝነው ጥፋተኛ አጣሁ።

እስቲ በመጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብለን የአባቶቻችንን ቤት እንመልከት። በላስታና በመቄት ደጋ ልጅ ለብቻው የሚተኛበት ክፍል ከቶ አልነበረም። በላሊበላ ዙሪያ በሚታወቁት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ከብቱ ከታች፥ ሰው ከላይ ያድራል፤ የከብቱም ትንፋሽ ለሰው ሙቀት ይሆናል። በሌላው ቤት ደግሞ መኝታው ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ መደብ ነው። በመደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል፤ በላዩም ጋቢ ወይም ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይለበሳል። በቤቱ ጠፍር አልጋ ቢኖርም አልጋው የአባወራውና የእንግዳ ነው። ሕፃኑ ቀን በአንቀልባ ታዝሎ በእናቱ ጀርባ ላይ ይውላል፥ ማታ በጎኗ ያድራል። ጡት ሲጥል ወይም ታናሽ ሲወለድበት ወደ አያቱ ጋቢ ይዛወራል፤ አያት የሌለችው እንደ ሆነም ከታላላቆቹ መካከል ይገባል። አድጎ እረኛ ሲሆን ከወንድሞቹ ጋር አንድ ጋቢ ይሻማል። ስለዚህ የደጋ ልጅ የመኝታ ጓደኛው ይለወጥበታል እንጂ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም።

እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። በልጅነቴ ከሁለት ወንድሞቼ ጋር በአንድ ቁርበት ላይ ስንተኛ ባለዕድሉ መካከል የገባው ነበር፤ ዳር የተኛው ጋቢው ሲሳብበት ያድራል። ለመካከሉ ቦታ ስንት ጊዜ ተደባድበናል! ይሁን እንጂ ጨለማ ፈርቼ የነቃሁበትን ሌሊት አላስታውስም። የምፈራው የታላቅ ወንድሜን ክርን ነበር።

ታዲያ ይህ ልማድ ኋላ ቀርነት ነውን? ከወጣት ሠራተኞቻችን መካከል ልጅን ለብቻው ማስተኛት የሥልጣኔ ምልክት የሚመስላቸው አሉ። ነገሩን ከሥሩ ያየነው እንደ ሆነ ግን ለልጅ የተለየ ክፍል መስጠት በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። በዚያም አገር ድኻውና ባላገሩ ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፥ ብዙውን ጊዜም በአንድ አልጋ ያድር ነበር። በ1894 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤሜት ሆልት የተባለ የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም ስለ ልጆች አያያዝና አመጋገብ ባወጣው መጽሐፍ ሕፃንን እያወዛወዙ ማስተኛት እንደማያስፈልግ አስተማረ። እሹሩሩ የምትለውን የኢትዮጵያ እናት ቢያይ ምን ይል ነበር! በ1985 ደግሞ ሪቻርድ ፈርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም ልጅን በገዛ አልጋው የሚያለምድ ዘዴ ጽፎ ስሙ በብዙ አገር ተሰማ። ዘዴውም ልጁ ሲያለቅስ ወላጁ እየገባ እንዲያጽናናው፥ ነገር ግን የሚገባበትን ጊዜ ቀስ በቀስ እንዲያራዝም ነው። ይኸው ሐኪም በ2006 መጽሐፉን ሲያሻሽል ከወላጅ ጋር አብሮ መተኛትን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አልተቃወመም።

ጃፓኖችን የተመለከትን እንደ ሆነ ልማዳቸው ከእኛ ይቀርባል። እነርሱ ወንዝ ብለው የሚጽፉት በሦስት ቁም መሥመሮች ሲሆን የመካከለኛው መሥመር አጠር ያለ ነው፤ ልጁ በአባትና በእናቱ መካከል ሲተኛ «እንደ ወንዝ ፊደል ተኙ» ይላሉ። እንደዚሁም በ1992 የታተመ አንድ ጥናት በጓቲማላ የሚኖሩ የማያ እናቶችን ከአሜሪካ እናቶች ጋር አነጻጽሮ ነበር። የማያ እናቶች የአሜሪካ ሕፃናት በሌላ ክፍል ለብቻቸው እንደሚተኙ በሰሙ ጊዜ ደነገጡ፤ ለሕፃናቱም አዘኑላቸው። አሜሪካውያኑ እናቶች ደግሞ ልጁ ራሱን እንዲችል ብለን ነው አሉ። ሁለቱም ልጃቸውን ይወዳሉ።

ስለዚህ ለወዳጄ የነገርኩት የመጀመሪያ ነገር «አልጋውን ያሠራኸው ሠልጥኖ ለመታየት ከሆነ ገንዘብህን አጥፍተሃል» የሚል ነው። ነገር ግን ልጅን በገዛ መኝታው ለማስተኛት ከሥልጣኔ ወሬ የተለዩ በቂ ምክንያቶች አሉ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ጠዋት ነቅቶ መማር አለበት፥ አባቱና እናቱም ሲነጋ ሥራ አላቸው፥ የአንዱ እከክና ቅማልም ወደ ሌላው የሚሻገረው በመኝታ ላይ ነው።

የጨቅላ ሕፃንን ነገር ለይተን እንየው። ስለ አራት ዓመት ልጅ የምንናገረው ለአራት ወር ሕፃን አይሠራም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባወጣው ምክር ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፥ ነገር ግን በራሱ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ በጀርባው እንዲተኛ ያዝዛል። ምክንያቱም የደከመ ሰው ተገላብጦ ሊጫነው፥ ጋቢው ወይም ብርድ ልብሱ አፍና አፍንጫውን ሊሸፍነው ስለሚችል ነው። በደጋ አገር እናት ከብርዱ የተነሣ ሕፃኑን እስከ ራሱ ትከናነበዋለች። በፍቅር ታደርገዋለች፤ ነገር ግን አደጋ ነው። ልብሱን ደራርቦ ማልበስና መኝታውን እጇ በሚደርስበት ቦታ ማድረግ ይሻላል። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ግን፥ አባትም ይሁን አጎት፥ ከጨቅላ ሕፃን ጋር በአንድ መኝታ ፈጽሞ መተኛት የለበትም። በዓል በሆነ ማታ ይህን የሚያስታውስ አንድ ሰው በቤቱ አይጥፋ።

ወደ አራት ዓመቱ ልጅ እንመለስ። ልጁ በ2 ሰዓት ያለ ችግር ከተኛ በ6 ሰዓት ለምን ይነቃል?

እንቅልፍ ከማታ እስከ ጠዋት እንደ አንድ ገመድ የተዘረጋ አይደለም። እየከበደ ይሄድና እየቀለለ ይመጣል፤ የአዋቂ ሰው አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን የሕፃን ደግሞ ከዚህ ያጥራል። በየዙሩ መጨረሻ ማንኛውም ሰው ለጥቂት ጊዜ ይነቃል፤ ወይም ለመንቃት ይቃረባል። እኛ ትራሳችንን አስተካክለን መልሰን ስለምንተኛ ጠዋት አናስታውሰውም። ልጅም እንደኛው ይነቃል። ልዩነቱ ሲነቃ የሚያገኘው ነገር ሲተኛ የነበረው መሆኑና አለመሆኑ ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በጋሸና አውቶቡስ ተሳፍረህ አጠገብህ ከተቀመጠው ወንድምህ ጋር ስታወራ እንቅልፍ ወሰደህ እንበል። ስትነቃ አውቶቡሱ ወረታ ቆሟል፥ ወንድምህም የለም። ዝም ብለህ ተመልሰህ ትተኛለህን? በእናቱ ክንድ ላይ ተኝቶ እያለ ሳያውቅ ወደ አልጋው የተወሰደ ልጅም እንዲሁ ነው። ይነሣል፤ የጠፋበትንም ፍለጋ ይሄዳል።

የወዳጄ ባለቤት ልጁን የምታስተኛው በራሷ አልጋ ላይ አቅፋ ነበር፤ ካንቀላፋ በኋላ አባት ተሸክሞ ወደ ትንሹ አልጋ ያዛውረዋል። መድኃኒቱም ልጁ ዐይኑ ከብዶት፥ ነገር ግን ገና ሳይተኛ በገዛ አልጋው እንዲጋደም ማድረግ ነው። እናት በርጩማዋን አጠገቡ አድርጋ ትቀመጣለች፤ እጇን ትሰጠዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ እጇን ትታ መቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያም በርጩማው በየጥቂት ቀኑ ወደ ኋላ ይላል። ልጁ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ እንደ ሆነ ሳይቆጡ፥ ወሬም ሳያበዙ እጁን ይዞ ወደ አልጋው መመለስ ነው። አንድ ሌሊት መልሶ ሌላውን ሌሊት ማስገባት ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ልጁ ብዙ ጊዜ ከለመነ እንደሚሳካለት ይማራልና። ልጁ የታመመ ወይም የደነገጠ ዕለት ግን እናት አቅፋው ብታድር ማንም አይፈርድባትም፤ ሲድን እንደገና ይጀመራል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነግሬው ወደ ቤቴ ስሄድ ሊቅ መስዬ ነበር። በሳምንቱ ሲያገኘኝ በርጩማው ከበር ደርሷል፥ ልጁም ብቻውን ይተኛል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግን አሁንም ይመጣል አለኝ።

ምሥጢሩን ያገኘችው ባለቤቱ ናት። አንድ ሌሊት ልጁን ስትመልስ እጇን ከፍራሹ ሥር አገባች። እንደ በረዶ ነበር። አልጋው የተቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ቦታ ያለው እዚያ ብቻ ስለ ነበረ። በአልጋው ርብራብ እንጨት መካከል ነፋሱ ከሥር ይገባል፥ ስስ ስፖንጅ ደግሞ ይህን አይከላከልም። ወላጆቹ ብርድ ልብስ ከላይ እየደረቡ ሳለ ልጁ ብርድ የሚመታው ከታች ነበር! መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው የኖሩት አያቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። ልጁ የመጣው ፈርቶ ወይም ሞልቃቃ ሆኖ አይደለም፤ በርዶት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ቀዝቃዛ እግር ይህን ነግሮን ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም።

እናትዮዋ ከገጠር የመጣ አሮጌ ባና አጥፋ ከፍራሹ ሥር አነጠፈች። አልጋውን ከበሩ አንሥተው ከእነርሱ አልጋ ግርጌ አጋጠሙት። የበሩን ሥር በጆንያ ደፈኑት። ልጁንም የእግር ሹራብ አለበሱት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አልጋውን አንድ ክንድ ያህል ያርቁት ጀመር።

ስለ ብርድ ካነሣን አይቀር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጁ እንዳይበርደው ብሎ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ቤተ ሰብን ሙሉ የሚገድል ነገር ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ ደማችንም ከሕይወት አየር ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የተመረዘው ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያንቀላፋል፥ ከዚያም ለመንቃት አቅም ያጣል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሆኗልና አይጎዳም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ስሕተት ነው፥ ጭስ የሌለው ፍምም ይገድላል። በተለይ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ ተማሪዎች ይህን ይስሙ። ቡና የተፈላበት ምድጃ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። የልጁን አልጋ ማሞቅ ቢያስፈልግ በደንብ የሚከደን ዕቃ የፈላ ውሃ ሞልቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ በብርድ ልብሱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥና ልጁ ሲገባ ማውጣት ይበቃል።

ልጁ ሞቆትም የሚነቃ ከሆነ ሰውነቱን መመርመር ይገባል። ቁንጫና ትኋን ያለበት መኝታ ላይ አዋቂም አይተኛም፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እከክ ማሳከኩ የሚብሰው ሌሊት ነው። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር ተያይዞ እከክ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቶ እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። ከአንድ ሰው ጋር የሚተኛ ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ እከኩ ከወንድም ወደ እኅት ሲመላለስ ይኖራል። መቀመጫውን የሚያከው ልጅ ሌሊት የሚወጣ ቀጭን ነጭ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንኮራፋ አየር የሚያጥረው ልጅ ደግሞ ሐኪም ይየው። እባካችሁ፥ እንጥሉን አታስቆርጡት።

አልጋው ላይ ስለሚሸና ልጅ ያለው ልማድ ያሳዝነኛል። ይገረፋል፥ ይሰደባል፥ በጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል። ከአምስት ዓመት ልጆች መካከል ከመቶው 15 ያህሉ ገና ሌሊት ይሸናሉ፤ አብዛኞቹም ሲያድጉ በራሳቸው ይተዉታል። ልጁ ተኝቶ ያደረገውን ነቅቶ ቢገረፍ ምን ይማራል? ከመኝታ በፊት ውጭ ወስዶ ማሸናት፥ ከአንሶላው ሥር ፕላስቲክ ማንጠፍ፥ የሚለወጥ ልብስ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። በፍላቂት ሌሊት የረጠበ ልብስ ከዱላ ይልቅ ይቀጣል።

አሁን ወደ ፍርሃት እንምጣ። እኛ ልጅ ቶሎ እንዲተኛ ስንፈልግ ምን እንላለን? «ተኛ! አያ ጅቦ መጣልህ!» እንላለን። ጭራቅም እንጨምርበታለን። ጅቡን በበሩ ላይ አቁመን ስናበቃ ልጁን በዚያው በር አጠገብ ብቻህን ተኛ ማለታችን እንዴት ያለ ነገር ነው? በፍላቂት ደግሞ ጅቡ ተረት አይደለም፤ ይጮኻል። ስለዚህ ለልጁ እውነቱን መንገር ይሻላል፤ «ጅብ ነው፤ ውጭ ነው ያለው፤ በሩ ተቀርቅሯል፤ እኔም እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ማታ ሲመሽ መቀርቀሪያውን ልጁ ራሱ እንዲያስገባ ቢደረግ ደግሞ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ሌሊት የሚጮኽ ልጅ ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው ከተኛ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንገት ይጮኻል፤ ዐይኑ ተገልጦ እናቱን አያውቃትም፥ ሲይዙት ይታገላል፤ ጠዋት ግን አንዳች አያስታውስም። ይህ ልጅ በከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ነው የሚጮኸው፤ መቀስቀስ አያስፈልግም፥ እንዳይወድቅ ብቻ አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ወደ ንጋት ገደማ ክፉ ሕልም አይቶ የሚነቃው ነው፤ ይህ ያየውን ይናገራል፥ መጽናናትም ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ልጅ «ለክፎት ነው» ብለው ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጮኽበት አይቻለሁ። የተኛው ልጅ ሳይሆን የነቁት ናቸው የባሰ የደነገጡት።

ሌላም ዐይነት መንቃት አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲስፋፋ ላሊበላ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዘዋውራ ነበር፤ በጋሸናም ብርቱ ውጊያ ተደርጓል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። የተኩስ ድምፅ የሰማ፥ በሌሊት ታዝሎ የሸሸ፥ ወይም ከቤቱ ሰው የጎደለበት ልጅ ለብቻው መተኛት ቢያቅተው፥ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ቢሸና የሚያስገርም አይደለም። የዚህን ልጅ አልጋ ከማራቅ በፊት ማቅረብ ያስፈልጋል። ለብቻ የማስተኛት ዘዴን ሁሉ ትቶ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጎን ማሳደር፥ በየማታው በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ሥርዐት ማስተኛት፥ በቀንም የሆነውን ሲጠይቅ አለመሸሽ ነው። ወራት ካለፉ በኋላም ሌሊቱ ካልተሻለ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ለዚህ ልጅ የእናቱ ጋቢ ምሽግ ነው፥ ማንም ቢሆን ከምሽግ በዱላ አይወጣም።

ተማሪዎች ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ እናንተን የማይመለከት አይምሰላችሁ። ከገጠር ስንቅ ይዛችሁ መጥታችሁ በከተማ ክፍል ስትከራዩ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን አስከትላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። በዚያች ክፍል እናቱም አባቱም እናንተ ናችሁ። ልጁ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ በእናንተ መብራትና በስልካችሁ ብርሃን ፊት ካመሸ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲቀሰቀስ ያገኘው እንቅልፍ 7 ሰዓት ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከቀን እንቅልፉ ጋር ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ላለው ልጅ ደግሞ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 የወሰነው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ የተማሪው ታናሽ በ2 ሰዓት፥ ቢዘገይ በ3 ሰዓት መጋደም ይኖርበታል። መብራቱን በጥራዝ ወረቀት ጋርዳችሁ ከልጁ ፊት መልሱት። እናንተም ብትሆኑ ከ8 ሰዓት ያነሰ እንቅልፍ አይበቃችሁም፤ ይህን ግን የፈተና ሰሞን የሚሰማኝ እንደሌለ አውቃለሁ።

የተከራየ ሰው ሁሉ ለልጁ አልጋ ማሠራት አይችልም። ግድም የለውም፤ የልጁ ነው የተባለ አንድ ጥግ ይበቃል። ንጹሕ ጆንያ በጭድ ተሞልቶ፥ ቁርበት ወይም ባና ተደርቦበት ከመሬት ከፍ ካለ፥ የራሱም ጋቢ ከኖረው አልጋ አለው ማለት ነው። ልጁን ወደዚህ ጥግ የምናዛውርበትን ጊዜ ግን እንጠንቀቅ። በልማዳችን ትልቁ ልጅ ከእናቱ ጎን የሚነሣው ታናሹ በተወለደ ዕለት ነው። ልጁም ያን ሕፃን አልጋውን የቀማው ጠላት አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። ከመውለዷ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ቢለምድ ይሻላል፤ ያ ካለፈ ደግሞ ሕፃኑ ጥቂት እስኪጠና መታገሥ ነው።

የወዳጄ ነገር እንዴት ሆነ? አልጋው በየሳምንቱ አንድ ክንድ እየራቀ በስድስተኛው ሳምንት መስኮቱ ሥር ደረሰ። ልጁ አንዳንድ ሌሊት ይነቃል፤ «እማ!» ይላል፤ «አለሁ» ስትለው መልሶ ይተኛል። ወዳጄም በጠረጴዛው ላይ ማንቀላፋቱን ትቷል።

ባለፈው ሰሞን የልጁ አያት ልጃቸውን ለመጠየቅ ከገጠር መጡ። ማታ ልጁ ለብቻው ሲጋደም ባዩ ጊዜ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አንተ ልጄ፥ ይህ ሕፃን ምን በድሎህ ነው ብቻውን ጥለህ የምታሳድረው?» አሉት።

«እማዬ፥ ለምዶታል እኮ፤ ደህና ይተኛል» አለ ወዳጄ።

«ለመደ! ወላጅ አልባም ይለምዳል» አሉና ልጁን ከነብርድ ልብሱ አንሥተው ከጎናቸው አስገቡት። ባልና ሚስት ተያዩ፤ የስድስት ሳምንት ድካማቸው በአንድ ጋቢ ውስጥ ሲገባ ዝም ብለው ተመለከቱ።

እናቲቱ አምስት ሌሊት አደሩ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት መኪና ላይ ሲሳፈሩ ልጁ አለቀሰ። ማታ በ2 ሰዓት ግን ሳይታዘዝ ሄዶ መቀርቀሪያውን አስገባ፤ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋው ወጣና አያቱ ትተውለት የሄዱትን ነጠላ ጠቅልሎ አቀፈው። በዚያ ሌሊት በ7 ሰዓት የነቃው አባትየው ነበር። ተነሥቶ የልጁን እግር በእጁ ዳሰሰው፤ ሞቋል።